አትሞቺልኝም?

በዚያ ቤት እናት ሁለት ሦስት ጊዜ ሳትሞት ምሳ ተበልቶ አያውቅም። ትንሹ ልጅ አፉን ግጥም አድርጎ ሲዘጋ «በሞቴ» ትለዋለች፤ አንድ ማንኪያ ይጎርሳል። ሁለተኛው ላይ ሲያኮርፍ «አፈር ስሆን» ትለዋለች፤ ይጎርሳል። ሾርባው ሊያልቅ ሲል «እኔ ልሙትልህ፣ ይቺን ብቻ» ብላ ታስጨርሰዋለች። ከዚያ አፉን ትጠርግለትና ከሞት ተነስታ ሳህን ታጥባለች። የገዛ እናቷም እንዲሁ እየሞተችላት ነው ያሳደገቻት። ልጅ የሚለመንበት ሌላ ቋንቋ መኖሩን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ባሏ የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ነው። ኩባንያው ዓሣና ሥጋ የሚከማችባቸውን ትልልቅ መጋዘኖች በሚተክልበት አገር ሁሉ ይልከዋል፤ እሱ በሄደበት ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ሻንጣ እየጎተቱ ይከተሉታል። ይህ ሦስተኛው አገር ነው። ትልቋ ልጅ የደረሰችበትን አገር ቋንቋ እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በክርክር ስለማትረታ ቤት ውስጥ ስሟ ጠበቃ ነው። ትንሹ ደግሞ ጉንጩ ድምቡሽ ድምቡሽ ስለሚል ድምቡሼ ይባላል።

ትምህርት ቤት ፍለጋው አሳር ነበር። አንዱ ቦታ የለንም አለ። ሌላው ጠበቃን እቀበላለሁ፣ ወንድሟ ግን ቋንቋ እስኪችል ቤት ይቆይ አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም ለሙከራ ወሰደ። እናትየዋ ግቢውን ልታይ የሄደች ቀን፣ ከጉልበቷ ብዙም የማይበልጡትን የእጅ መታጠቢያዎችና በመስቀያው ላይ የተደረደሩትን ትንንሽ ካፖርቶች አይታ እንባዋ መጣ። ተገላገልኩ ብላ ነበር።

እዚያው በር ላይ የተቀበለቻት የልጆች አማካሪ ግን ደስ አላለቻትም። ሴትየዋ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይን እያየች ትሰማለች፣ ሰው ተናግሮ ሲጨርስም ትንሽ ዝም ትላለች፣ የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ። ቤት ውስጥ ለስላሳዋ የሚል ስም ወጣላት።

የባሏ ባልደረባ የሆነው ሹፌር ያገራቸው ልጅ ነው፤ እዚያ አገር ብዙ ኖሯል። አንድ እሑድ ሶፋቸው ላይ ተቀምጦ ድምቡሼ «በሞቴ» እየተባለ ሲመገብ አየና ፊቱ ከበድ አለ።

«እህቴ፣ አደራሽን። እዚህ አገር ብትወልጂም ተረኛ ጠባቂ ነሽ እንጂ ባለቤት አይደለሽም። አንድ ነገር ከጠረጠሩ ‹ለጊዜው› ብለው ልጆችሽን ይወስዳሉ። ያቺን ‹ለጊዜው› ፍሪያት።»

«ምን አድርጌ ነው የሚጠረጥሩኝ?» ብላ ሳቀች።

ሹፌሩ አልሳቀም።

ነገሩ የተጀመረው በድምቡሼ ምሳ ነው። ትምህርት ቤት አልበላም አለ። አስተማሪዋ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ማንኪያውን አውሮፕላን ብታስመስለው ወይ ፍንክች። ለስላሳዋ እህቱን ከክፍል አስጠርታ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚበላ ጠየቀቻት። ጠበቃ የተጠየቀችውን መመለስ ትወዳለች፤ ቃል በቃል መተርጎም ደግሞ ኩራቷ ነው። ቤት ስትገባ ለእናቷ እንደ ወረደ ነገረቻት።

«‹እናቴ እሞታለሁ ስትለው ይበላል› አልኳት።»

«እሺ?»

«‹ሌላስ ምን ትለዋለች?› አለችኝ። ‹አፈር እሆናለሁ ትለዋለች› አልኳት። ‹በየቀኑ?› አለችኝ። ‹ቁርስም፣ ምሳም› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አቀፈችኝ። ብዙ አቀፈችኝ።»

እናትየዋ ከት ብላ ሳቀች። ባሏ ሲመጣም እየሳቀች ነገረችው። እሱ ሹካውን አስቀመጠ።

በማግስቱ ሁለቱም ተጠሩ። ቢሮው ሞቅ ያለ ነው፣ ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ። ማንም ሳያለቅስ ለስላሳዋ ሶፍቱን ወደ እናትየዋ ገፋ አደረገችው። አስተርጓሚ ተጠርቶ መጥቶ ነበር፤ ሰላምታ ሲሰጥ የሌላ ቋንቋ ሰው ሆኖ ተገኘና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። ስለዚህ ባልየው ተረጎመ። እሱ ደግሞ የአገሩን ቋንቋ የተማረው መጋዘን ውስጥ ነው። ጋዝ ማፍሰሱን፣ ኮምፕሬሰር መንቀጥቀጡን፣ በር አልገጥም ማለቱን አሳምሮ ይናገራል። የእናት ሆድ የሚባለው ነገር ግን መጋዘን ውስጥ አልገጠመውም።

«ስለ መሞት ማሰብ የጀመሩት መቼ ነው፣ ነው የምትልሽ» አላት።

ሳቋ አመለጣት። ለስላሳዋ ሳቁን አየችው።

«ንገራት እንጂ። አባባል ነው፣ አፍ ላይ እንጂ ልብ ላይ የለም በላት።»

ባልየው ላቡን ጠርጎ ያሉትን ቃላት ለቃቅሞ ተናገረ። ለስላሳዋ ራሷን በቀስታ ነቀነቀች። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ምን እንዳላት ጠየቀችው።

«‹ትላለች እንጂ እስካሁን አላደረገችውም› ነው ያልኩት» አለ።

ለስላሳዋ ቤታቸው መምጣት ጀመረች። የቀረበላትን ሻይ አትነካም። መታጠቢያ ቤት ገብታ የመድኃኒቱን ሳጥን ትከፍታለች፣ የቢላዋውን መሳቢያ ስባ ታያለች፣ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነውና የሳሎኑን መስኮት ገፋ ገፋ አድርጋ ትሞክረዋለች። ይህን ሁሉ ፈገግ እንዳለች። እናትየዋ ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች። ልጆቼን ሊወስዱብኝ ነው የሚል ፍርሃት ልብስ ስታሰጣም ሩዝ ስትለቅምም አብሯት ይውል ጀመር።

አፏን ልትቆልፍ ወሰነች። «በሞቴ» ምላሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ትውጠዋለች። በምትኩ «ብላ» ትላለች። «እባክህ ብላ።» ድምጿ ለራሷ ጆሮ የእስር ቤት ዘበኛ ድምፅ ሆነባት። ድምቡሼ ማንኪያውን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ይጠብቃል። የሚያውቃትን ቃል ነው የሚጠብቀው። ቃሏ አትመጣም፣ አፉም አይከፈትም። ጉንጩ እየሟሸሸ ሄደ። ትምህርት ቤት መዘኑትና እርስ በርስ ተያዩ።

አንድ ቀን ማንኪያውን በእጁ ገፋ።

«እማዬ፣ ዛሬም አትሞቺልኝም?»

መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

ትምህርት ግማሽ ቀን በሆነበት ሐሙስ፣ ልጆቹ ምሳ ቀርቦላቸው እያለ፣ እናትየዋ በመስኮት አንድ መኪና ሲቆም አየች። ለስላሳዋ ወረደች፣ የመንግሥት መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ፈገግ የማትል ሌላ ሴትም ከጎኗ ወረደች። የኋላ ወንበሩ ላይ ሁለት የልጆች መቀመጫዎች ታስረዋል። ለስላሳዋ ልጅ እንደሌላት ጠበቃ ቀደም ብላ ነግራታለች። ባሏ ጋ ደወለች፤ የበረዶው መጋዘን ውስጥ ስልክ አይሠራም። ደግማ ደወለች። በሩ ተንኳኳ።

ለስላሳዋ ከጠበቃ ጋር ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ጠበቃ እንደ ልማዷ እያንዳንዱን ለእናቷ ታስተላልፋለች።

«ያንን ነገር አሁንም ትላለች ወይ ትለኛለች። ትታዋለች አልኳት።»

ለስላሳዋ የልጅቷን እጅ ይዛ በዚያ በለሰለሰ ድምፅ ሌላ ነገር አለች። የጠበቃ ፊት ተለዋወጠ።

«እንደዚህ በዪ ተብለሽ ነው ወይ አለችኝ። ውሸታም አደረገችኝ እኮ።»

«ተያት፣ የኔ እናት። ተያት።»

ጠበቃ ግን ተጠርጥራ መቀመጥ አታውቅበትም። እንባዋ ቅርር አለ፤ ከሶፋው ወርዳ ቆመች፣ ያላትንም ትልቁን መሐላ አወጣች።

«እማዬ ትሙት አላለችም።»

ለስላሳዋ ልጅቷን «ምን አልሽ?» ብላ ጠየቀቻት። መጠየቋን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። እናትየዋ «ተዪው፣ አትተርጉሚው» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጠበቃ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ቃል በቃል ጨርሳለች። በዚያ ሰሞን እናትየዋ ሲነገር እንዳያመልጣት ብላ ከዚያ አገር ቋንቋ አንድ ቃል፣ «ሞት»ን፣ አጥንታ ነበር። በልጇ አፍ የሰማችው እሱን ነው።

ፈገግ የማትለው ሴት ተነስታ ካፖርቶቹን ከመስቀያው አወረደች። ለስላሳዋ ተንበርክካ የድምቡሼን ጫማ እያሰረች የሆነ ነገር ተናገረች።

«ለጊዜው ነው ትላለች» አለች ጠበቃ። ድምጿ አንሶ ነበር። ያለችው ነገር ምን እንዳመጣ ገና አሁን ገባት።

እናትየዋ መጮህ ፈለገች፤ ከጮኸች የባሰ እንደሚሆን ታውቃለች። እስከ ሊፍቱ ተከተለቻቸው። ድምቡሼ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም፣ ሾርባው እንደ ቀረበ ነው። ሌላው ሁሉ ከሐሳቧ ጠፍቶ ይህ ብቻ ቀረ። ወደ ጠበቃ ጎንበስ አለች።

«እዚያ እምቢ እንዳይል። በሞቴ በዪው፣ የኔ እናት። በሞቴ አብዪው።»

ለስላሳዋ የሊፍቱን በር በእጇ ይዛ፣ አሁንስ ምን አለች በሚል ዓይን ልጅቷን አየቻት።

ጠበቃ እናቷን አየች። ወንድሟን አየች። ከዚያ ወደ ለስላሳዋ ዞር ብላ በአንዲት ቃል መለሰችላት፤ እናትየዋም ቃሏን አወቀቻት፣ እዚያ አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት ናትና።

እናቷ ያለችው «ደህና ሁኑ» ነው ብላ መተርጎሟ ነበር።