እሳት ያላየ ብረት

«ተጠግኖም መንገድ ላይ ቢሰበርስ? ልጅሽን ይዞ ገደል ቢገባስ?»

ወለተሩፋኤል ከማኪናው የፊት እግር ሥር ተንበርክካ የተሰበረውን ባሌስትራ በጣቷ ዳሰሰች። ጭነቱን ከሚሸከሙት ተደራራቢ ረጃጅም ብረቶች መካከል ዋናው፣ ሁለት ጫፉ እንደ ቀለበት የተጠቀለለው፣ ለሁለት ተገምሷል። ማኪናው እንደሚያነክስ በሬ በግራ ጎኑ ተዘንብሎ ቆሟል።

ጠያቂው የሟች ባሏ የተክለ ጊዮርጊስ ታላቅ ወንድም በላቸው ነው። ጣሊያን ሲሸሽ ጥሎት የሄደውን ይህን ማኪና ወንድማማቾቹ በጋራ ነበር የገዙት። «ጭኖ ጎንደር እስከደረሰ ድረስ አይሸጥም» ተባብለው በሽማግሌ ፊት ተማምለዋል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇ የሻው ከጠዳ እህል እየጫነ ይመላለስበታል። አሁን ማኪናው ሲያነክስ በላቸው ገዢ አገኘ፤ ሰውዬው ቅዳሜ ይመጣል። የሻው ደግሞ ማኪናው ከተሸጠ አስመራ ሄዶ በሰው ማኪና እንደሚቀጠር ለእናቱ ነግሯታል።

«ሌላ ባሌስትራ ከአስመራ እስኪመጣ ክረምት ይገባል» አለ በላቸው። «ለቀጥቃጭ እንስጠውና አግሎ ይቀጥለው። ለገዢው ቆሞ ከታየ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው።»

«ቀጥቃጭ አይነካውም።»

«ምነው? ያገሩን ማረሻ ሁሉ ከባሌስትራ የሚያወጣው ማን ሆነና?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎት፣ አያ በላቸው። እሳት ያየ ባሌስትራ ማረሻ ነው የሚሆነው። ባለቤቴ ሲናገር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እሳት ከነካው ጎብጦ መመለሱን ይረሳል።»

በላቸው ሳቀ። «እሑድ እሑድ ከቄሱ ዘንድ ፊደል ብትቆጥሪ መካኒክ የሆንሽ መሰለሽ?»

በማግሥቱ ማለዳ ላም ስታልብ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደወል ተመታ። እጇን ከላሟ ጡት አነሳች። ያ ደወል ባሌስትራ ነው። የሻው በልጅነቱ ኩፍኝ ይዞት ሲተርፍ፣ አባቱ ከሌላ ወዳቂ ማኪና ፈቶ ለስለቱ የሰጠው፣ በቀለበቱ ከወይራ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው። ወዳቂው የነሱው ዓይነት ማኪና ነበር።

ድምፁን እስኪያልቅ ሰማችው። ገበያ ላይ እንስራ ስትገዛ በጣቷ ቆርቁራ ነው የምትመርጠው፤ ስንጥቅ ያለበት ይታፈናል፣ ደህናው ይዘምራል። ይህ ብረት እሳት አላየም፤ ስንት ዓመት በድንጋይ ተመትቶ ዛሬም ይዘምራል።

ቄስ ወልደኢየሱስ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ደወሉን ለማኪናው ስትለምን አዳመጧት።

«የስለት ዕቃ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም፣ አባቴ።»

«እንግዲያስ?»

«ስለቱ ለልጄ ነፍስ ነበር። ዛሬም የምለምነው ስለዚያችው ነፍስ ነው። ባዶ እጄንም አልመጣሁ።» ከየሻው ጋር ተሸክመው ያመጡትን የተጣመመ ቸርኬ አሳየቻቸው።

ቄሱ ጠጠር አንስተው የጎማውን ብረት መቱት። «ይሄ ድስት ነው እንጂ ደወል አይደለም።»

«ድስት ሲመታ የማይመጣ ማን አለ?»

ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። «በይ አውርጂው። ሰበካው ከተቆጣኝ ግን ድስቱን በየማለዳው አንቺ ትመቺያለሽ።»

ማኪናውን በክሪክ አንሥተው ከሥሩ ድንጋይ ደረደሩ። የባሌስትራው ብረቶች አንድ በአንድ ሲወርዱ፣ ወለተሩፋኤል በየላያቸው በከሰል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ጻፈች። የደወሉን ቀለበት ዝገት በአሸዋና በኑግ ዘይት ፈገፈገች። መልሰው ሲገጥሙ የሻው አንዱን አነሳ።

«እሱን ተወው፤ እሱ መ ነው። ሐ ይቀድማል።»

«ሸጋ ነው። ደግሞ ዳዊት ድገሚበት» አላት የሻው፣ ግን ሐን አቀበላት።

ብሎኑን ተራ በተራ ተንጠላጥለው አጠበቁት። ክሪኩ ሲወርድ ማኪናው አቃሰተ፣ ተኛ፣ ቀና ብሎም ቆመ። የሻው በደስታ ጎኑን መታው። እሷ ግን ዞራ ዞራ ያንኑ ብሎን ነካካች።

ቅዳሜ የማሽላው ጆንያ ተጭኖ ሳለ በላቸው ከገዢው ጋር መጣ። ገዢው አጎንብሶ ከሥር አየና «ይሄ የጊዮርጊስ ደወል አይደለም ወይ?» አለ።

«ነው» አለች ወለተሩፋኤል። «ጭኖ ጎንደር ሊደርስ ነው። ደግሞም አይሸጥም።»

በላቸው ከየሻው ይልቅ እሷን አያት። «ቢሰበርስ ብዬሽ ነበር። እስካሁን አልመለስሽልኝም።»

እሱ የጠየቃትን እሷም ሌሊቱን ሁሉ ራሷን ስትጠይቅ ነው ያደረችው። ብረቱን ታምነዋለች፤ መንገዱን ግን አታምነውም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀችና በግራ በኩል ዞራ የጋቢናውን በር ከፈተች።

«እምዬ፣ ወዴት ነው?» አለ የሻው በቀኝ በኩል መሪውን እንደያዘ።

«የሠራሁት የግራውን ነው። ከላዩ ልቀመጥ።»

«ብትፈሪ እኮ…»

«እፈራለሁ። ንዳ።»

ማኪናው ጉድጓዱን ሲዘል የግራው ጎን ጎበጠ፣ ተመለሰ። ከኋላቸው ከወይራው ላይ ቸርኬው ሲመታ እውነትም ድስት ድስት አለ።

በላቸውና ገዢው ጠዳ ቀሩ። እናትና ልጅ ሄዱ።