ጌታውን የለወጠ ማሽን

ኮምፒውተር ጠጋኙ የእህቱን ኮምፒውተር ሲከፍት የቆየ ቂሙም አብሮ ተከፈተ። ማሽኑን ያዘጋጀላት ባሏ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና፣ በሞላ እንግዳ ፊት «አቶ ብሎን» ብሎት ቤቱ ሁሉ ሲስቅበት የጎረሰው ጉሮሮው ላይ ቀርቶ ነበር።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የልፋቷ ሁሉ ንድፍ የተቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። መብራት ድንገት ከሄደ ወዲህ ማሽኑ አልነሳ ብሏል።

ጠጋኙ ስንቱን ያስነሳበትን ፍላሹን ሰካ። ማሽኑ በቀይ ጽሑፍ መለሰው። ደገመ፤ አሁንም መለሰው።

«ምን አለህ?» አለች እህቱ።

«አላውቅህም አለኝ። ባለቤቱን መስሎ።»

«ሙት አትውቀስ፣ ወንድም ጋሼ።»

ወደ ማሽኑ ማስተካከያ ገባና ደርቆ ቀረ። ማሽን ሲነሳ መጀመሪያ የሚቀበለው ፕሮግራም የተፈረመበት መሆኑን በቁልፍ፣ ማለትም በምስጢር ኮድ፣ ያጣራል፤ ቁልፉ ደግሞ የፋብሪካው ነው። በዕድሜው የነካቸው ሁሉ እንደዚያ ነበሩ፤ ሰው ገዝቶ ቤቱ ያስገባቸዋል፣ የሚታዘዙት ግን ባሕር ማዶ ላለ ለማያውቁት ጌታ ነው። ይሄኛው ላይ የፋብሪካው ቁልፍ የለም። የእህቱ ባል ነቅሎ ጥሎት የራሱን ተክሏል። እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ጠጋኙ ሰምቶ ነበር እንጂ አይቶ አያውቅም።

ከሥሩ «የፋብሪካውን ቁልፍ መልስ» የሚል አለ። እጁ ሄደ። ይኸው፣ አቶ ብሎን ሲፈታህ እይ፣ አለ በሆዱ። ሊጫን ሲል ማስጠንቀቂያውን አነበበ፤ ቁልፉ ከተለወጠ የተቆለፈው ዲስክ አይከፈትም። እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። ለትንሽ የእህቱን እንጀራ በቂሙ ሊደፋው ነበር።

«የሚፈርመው ቁልፍ አብሮት ተቀብሯል» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

እሷ ከቤት ቁልፎቿ መሀል ትንሽ ፍላሽ ፈልቅቃ አወጣች። «ይሄ ይሆን? ካንቺ በቀር ማንም አያዘውም ብሎኝ ነበር። እኔ ስለ ፍቅር የሚያወራ መስሎኝ።»

«የይለፍ ቃሉስ?»

«ዞር በላ።»

ዞረ። ጠጋኙ ይዞት በመጣው ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃሉን አስገባች፤ በጠጋኙ ፍላሽ ላይ ያለው ማስነሻ በሷ ቁልፍ ተፈረመ። መልሶ ሲሰካው ያ ቀይ ጽሑፍ የለም። ማሽኑ እመቤቱ በር ላይ እንደደረሰችበት አገልጋይ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጠጋኙ የተበላሸውን የማስነሻ ፋይል አበጀ፤ ንድፎቹ ተራ በተራ ወጡ፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ የሙሽራ ቀሚሱ። ጠጋኙ ወንበር እያለለት ቆሞ ያይ ነበር። ያ ሁሉ ፋብሪካ፣ ያ ሁሉ መሐንዲስ የሠራው ማሽን፣ መርፌ ለምትይዝ እህቱ ብቻ ይታዘዛል።

«የቁልፉን ቅጂ አንተ ዘንድ አስቀምጥልኝ» አለችው ፍላሹን እየዘረጋች።

«ለኔ? እሱ እኮ አቶ ብሎን ነበር የሚለኝ።»

«ነህም። ያዝ።»

እጁን በሱሪው ጠርጎ በሁለት እጁ ተቀበላት።