ከጉድጓዱ አፍ የሚቆም ሰው

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደንብ ሲያረቅ የኖረውን ሰውዬ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «አንቀጽ» እያለ ነበር የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት ተላላኪዎቹ ናቸው፤ ሻይ እንኳ ሲያዝ «አንደኛ፣ ስኳሩ ይቀነስ፤ ሁለተኛ፣ ብርጭቆው ይታጠብ» ስለሚል። እሱም አይቀየምም ነበር። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ሲቀረው ግን ዕድሜ ልኩን ሲጽፍ የኖረውን የሚሰርዝ ኮሚቴ ውስጥ አስገቡት።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ከላይ የተላከ፣ ገና አርባ ያልሞላው፣ ሲናገርም ሲራመድም የሚቸኩል ሰው፤ ሁለተኛዋ ከንግድ ክፍል የመጣች ባለሙያ፤ ሦስተኛው አንቀጽ። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ሁለት መቶ አርባ ደንብ አለ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሰማንያው ተመርጦ ይቆይ፣ የተረፈው ይሻር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳቅ በሳቅ ነበሩ። የጽሕፈት መኪና ቀለም ያለቀበት ጸሐፊ አሮጌውን ጥብጣብ ካልመለሰ አዲስ አይሰጠውም የሚል ደንብ ከመዝገብ ቤት ተጎትቶ ወጣ። ፀጉር አስተካካይ የደንበኛውን ጆሮ ከማጠፉ በፊት ያስፈቅድ የሚልም ተገኘ። የጆሮዋን የጻፋት ራሱ አንቀጽ ነበር። እንባው እስኪወርድ ሳቀና «ምን ነክቶኝ ነው ይቺን የጻፍኳት?» ብሎ በገዛ እጁ የመሻሪያውን ማኅተም መታባት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሰብሳቢው ወንበሩን አስጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ሥራ ለምን እንደምወደው ያውቃሉ?» አለው። «እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሱቅሽ መስኮት ደንቡ ከሚለው በአራት ጣት ይጠባል ብለው ሱቋን አሸጉባት። በዓመቱ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። እጇ እስኪላጥ።»

አንቀጽ ያነሣውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰ። የመስኮቱን ደንብ እሱ አልጻፈውም፤ የጻፈው ግን ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው። ሰብሳቢው ክፉ ቢሆን ኖሮ መከራከሩ በቀለለው።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ሰባ ዘጠኙ ተመርጠው አለቁ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፋይል ቀረ፤ ቦታው ግን የአንድ ነው። አንደኛው፣ የሕፃናት መድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚሰጠው ልክ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ እንዲገባው በሥዕል ጭምር ይገለጽ የሚል ነው። ሁለተኛው ቁጥር አርባ ሰባት ነበር፦ «ሠራተኛ ለጽዳት ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ ታንከር ሲገባ፣ ሌላ ሠራተኛ ገመዱን ይዞ ከአፉ ላይ ይቆማል። አይገባም፤ ጥሎም አይሄድም። በየጊዜው ይጣራል፤ መልስ ካጣ ይጎትታል፣ ይጮኻል።»

አንቀጽ ፋይሉን ወደ ራሱ ሳበ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ይሠሩ ነበር። ታላቁ የቆሻሻ ውሃ ጉድጓድ ሊያጸዳ ወረደ፤ የታመቀው ጋዝ በቁሙ ጣለው። ታናሹ ወንድሙ ሲዘገይበት ሄዶ ቢጣራ መልስ የለም፤ ዘሎ ገባ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አወጧቸው። እናታቸው ካሣ አልጠየቁም። መጥተው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡና «ይሄ ነገር በሌላ እናት እንዳይደገም አንድ ነገር ጻፉልኝ» አሉ። አሥራ አንድ ቀን ተመላለሱ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገና ወጣት የነበረው አንቀጽ እስክሪብቶውን አነሣ። ደንቡ ተፈርሞ ሲወጣም ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ሰጥቷቸው «ልጆችዎ ለሌላው ደርሰውለታል» አላቸው።

«አሠሪዎቹ የሚያማርሩት አንዱ ሲለፋ ሌላው ቆሞ ያያል ብለው ነው» አለች የንግድ ባለሙያዋ።

ሰብሳቢው ወደ አንቀጽ ዞረ። «ደንቡ ከወጣ ወዲህ ስንት ሰው በጉድጓድ ሞቷል?»

«የተመዘገበ የለም።»

«እንግዲያው አደጋው የለም ማለት ነዋ።»

«የጠፋውማ ከአፉ ላይ ሰው ስለቆመ ነው!»

«ማስረጃ አለዎት?»

አንቀጽ ያልሞተን ሰው ሬሳ ከየት አምጥቶ ያሳይ? «ሁለቱንም እናቆያቸው» አለ በመጨረሻ፤ «ሰማንያ አንድ ቢሆን ማን ይሞታል?» ቃሉ ካፉ እንደወጣ ቆጨው።

«ሰማንያ ነው የተባለው። በቃ፣ እርስዎ ይምረጡ፤ እኛ የመረጡትን እንቀበላለን።» ሰብሳቢው ይህን ያለው ክብር ሊሰጠው ብሎ ነበር።

አንቀጽ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። በማንኪያ መድኃኒት የሚሰፍሩ እናቶች ታዩት፤ ሺህ ይሆናሉ፣ ከሺህም ይበልጣሉ። ጉድጓድ የሚገባው ሰው ስንት ነው? የመድኃኒቱን ፋይል በጣቱ ገፋ አደረገና «ይቺ ትቆይ» አለ። ሰብሳቢው ቁጥር አርባ ሰባት ላይ ማኅተሙን መታ። ከዚያ ሦስቱም ተነሥተው ተጨባበጡ።

ቤቱ ገብቶ ራቱን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ባለቤቱ ጡረተኛ ነርስ ናት፤ የሆነውን ሲነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ልክ ነህ። እኔም ብሆን ሕፃናቱን ነበር የማስቀድመው።»

«ልክ ከሆንኩ ለምን ይጎረብጠኛል?»

«ልክ የሆነ ነገር ሁሉ ይመቻል ያለህ ማነው? ይልቅ ሴትዮዋ ከሬዲዮ ሳይሰሙ ሄደህ ንገራቸው።»

የወንድማማቾቹ እናት ከአንድ ጣውላ መሸጫ ጀርባ ባለች ክፍል ፍራሽ እየሰፉ ይኖራሉ። እሑድ ረፋድ ላይ ሲያንኳኳ «ጸሐፊዬ! ከየት ተገኘህ?» ብለው በግማሽ የተሞላ ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። ደንቡ በመስተዋት ገብቶ ከልጆቹ ፎቶግራፍ አጠገብ ተሰቅሏል። አንቀጽ ስለ ጤናቸው ጠየቀ፣ ስለ ጥጥ መወደድ አወራ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠየቀ።

«ዙሪያ ጥምጥም አትሂድብኝ» አሉ ወፍራሙን መርፌ ጨርቁ ላይ ሰክተው። «ፊትህ ሌላ ነው የሚናገረው። ምን ሆነ?»

«ተሻረ፣ እማማ።»

«ምኑ?»

ወደ ግድግዳው አየ። እሳቸውም ዓይኑን ተከትለው አዩ።

«ማነው የሻረው?»

ኮሚቴው ነው ማለት ይችል ነበር። ከላይ ታዝዞ ነው ማለትም ይችል ነበር። «እኔም አለሁበት» አለ።

ከጓሮ የጣውላ መሰንጠቂያው ይጮኻል። «ያኔ ‹ልጆችዎ ለሌላው ደርሰውለታል› ብለኸኝ ነበር» አሉ። «ሃያ ስድስት ዓመት እሱን ይዤ ነው የተኛሁት። አሁን ምን ይዤ ልተኛ?»

ስለ መድኃኒቱ ጠርሙስ እየተንተባተበ አስረዳቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡት። «መድኃኒቱን የሚጠጣውም ልጅ ነው፤ የሰው ልጅ» አሉ። አልረገሙትም፤ ቢረግሙት ይቀለው ነበር። «በል ሂድ፤ ይሄን ፍራሽ ዛሬ አደርሳለሁ ብያለሁ።»

ጡረታ ወጥቶ ወሩ ሳያልቅ፣ አንድ ቅዳሜ ሊጠይቃቸው ቢሄድ በሩ ተቆልፏል። ጣውላ ሻጩ «ቅዳሜ ቅዳሜማ ቆዳ ፋብሪካ ናቸው» አለው። አንቀጽ አላመነም። ሄዶ የፋብሪካውን ዘበኛ ጠየቀ።

«ጉድጓዱ የሚጸዳው ቅዳሜ ነው፤ መጀመሪያ ገብተው አፉ ላይ ይቀመጡ ነበር» አለ ዘበኛው። «‹ምን ያደርጋሉ?› ስንላቸው ‹ገመድ መጎተት ቢያቅተኝ መጮህ አያቅተኝም› ይላሉ። ጽዳት የሚገባው ሰውዬም ለምዷቸው ነበር። ኋላ ሥራ አስኪያጁ ‹ፈቃድ የሌለው ሰው ፋብሪካ ግቢ አይገባም› የሚል ደንብ ጠቅሶ ማስታወቂያ ለጠፈ። እኔ ምን ላድርግ አባቴ? እንጀራዬ ነው።»

አንቀጽ ደንቡን ያውቀዋል። በሁለተኛው ሳምንት ይቆይ ተብሎ ያለፈ ነው። ማንም አልተከራከረበትም፤ እጁን ቀድሞ ያወጣውም እሱ ነበር።

በአጥሩ ዞሮ ሲሄድ በስተጀርባ አገኛቸው። ሁለት እጃቸውን ሽቦው ላይ አድርገው «አለህ?» ብለው ይጣራሉ። ከግቢው ውስጥ የታፈነ ድምፅ «አለሁ፣ እናቴ!» ይላል። ቀና ብለው አዩት። ምን አመጣህ አላሉትም።

«ጆሮዬ ደክሟል» አሉ። «እኔ ልጥራ፣ አንተ ስማልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ቆሙ። እሳቸው ይጣራሉ፤ ወደ እሱ ዞረው «መለሰ?» ይላሉ፤ እሱ «መለሰ» ይላል። በመሃል ብዙም አይነጋገሩም። ይቅር በሉኝ የሚል ቃል ብዙ ጊዜ አፉ ድረስ መጥቶበት ዋጠው፤ እሳቸውም የጠበቁት አይመስሉም ነበር። በሳምንቱ ቀናት አንቀጽ ቤቱ ተቀምጦ አቤቱታ ይጽፋል። አራት ደብዳቤ ላከ። ለአንዱ ሰብሳቢው ራሱ በትሕትና መለሰለት፦ «ጋሼ፣ አዲስ አደጋ ከተመዘገበ ጉዳዩ እንደገና ይታያል።» ይህን ደብዳቤ ለእናትየው አላሳያቸውም። ለባለቤቱ ብቻ አነበበላት። እሷም «ሰው ይሙትልን ነው የሚሉት?» ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ክረምቱ ሲከብድ እናትየውን ደረታቸውን አመማቸውና አልጋ ያዙ። አንቀጽ ቅዳሜ ለብቻው ሄዶ ተጣርቶ፣ ጫማው እንደረጠበ ወሬውን ያደርስላቸው ነበር። ሌላ ነገር አይጠይቁትም።

«መለሰ?»

«መለሰ፣ እማማ።»

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሞቱ። ከቀባሪዎቹ አንዱ ጉድጓድ ጠራጊው ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ቆሞ አለቀሰ፤ ሲለያዩም «እኔም ሥራውን ትቻለሁ፤ እንደ እሳቸው የሚጠራኝ ሰው የለም» አለው አንቀጽን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አንቀጽ በምትኩ ሌላ ሰው መግባቱ አይቀርም ብሎ፣ እግሩም ለምዶበት ሄደ። አጥሩን ይዞ «አለህ?» አለ። ዝም። ደግሞ ተጣራ፤ አጥሩን በዱላው ደበደበ። ዝም። በዚያ ዕድሜው እየሮጠ በሩ ላይ ደረሰ፤ ዘበኛው ሁኔታውን አይቶ ደነገጠና ሁለቱም ወደ ውስጥ ሮጡ።

ጉድጓዱ ውስጥ አንድ አዲስ ሰው እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ በአካፋ ይዝቃል። ከአፉ ላይ ማንም የለም። ሰውዬው ቀና ብሎ ተመለከታቸው።

«ምን ሆናችሁ?»

«ስትጠራ ለምን አትመልስም?» አለ አንቀጽ፤ ትንፋሽ አጥሮታል።

«እኔን ነው እንዴ? ማን ያውቀኛል ብዬ! አባት፣ ሥራ አታስፈቱኝ።»

ለማስረዳት አፉን ሲከፍት ዘበኛው ክንዱን ይዞ ወሰደው። «አባቴ፣ ሁለተኛ ከገቡ እኔም ከሥራ መውጣቴ ነው» አለው በሩ ላይ።

አንቀጽ ዳግመኛ አልገባም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በዝናብ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ። ተጣራ፤ የመለሰለት የለም። ነገር ግን ዝናቡ ረገብ ሲል አካፋው ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። እሱን እየሰማ ቆመ። አካፋው ዝም ባለ ቁጥር ሽቦውን ጨብጦ ይቆጥራል፤ አካፋው ደግሞ ይጀምራል።