ብቸኛ ሴት አስተላላፊ

«ብቸኛ ማለት ምን ማለት ነው?»

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ወደ እሷ ዞሮ ነበር የጠየቀው። ሰሌዳው ላይ ከጋዜጣ የገለበጠው ርእስ ተጽፏል፦ «ለእግር ኳስ ሊጉ ብቸኛ የማሰራጨት መብት ሁለት ጣቢያዎች ተፋጠጡ»። ጎልማሶቹ ተማሪዎች ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ አንብበውታል። እሷ ግን ከቃሉ ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ።

«እንደ እኔ ነዋ!» አለ ከኋላ የተቀመጠው ጫማ ሰሪ። «ሚስት ያጣ፣ ከግድግዳ ጋር እያወራ የሚበላ!»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ አልሳቀችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ቦርሳው ውስጥ የእሷ ያልሆነ ደብዳቤ ነበር።

ርእሱ ላይ ከተጠቀሱት ከሁለቱ ጣቢያዎች በትንሹ ውስጥ ሻይ የምታፈላው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት እዚያው ሠርታለች። አንድያ ልጇ ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ቁም ሣጥን በምታህል ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ደፍታ የሊጉን ጨዋታ ታስተላልፋለች። አፏ ከተከፈተ ስለማይቆም የሥራ ባልደረቦቿ «ጎርፍ» ይሏታል። ጎርፍ የተጫዋቾቹን ስም በካርቶን ቁራጭ ላይ እየጻፈች በማሊያ ቁጥራቸው ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። ጨዋታው ሲያልቅ ካርዶቹን የምትሰበስበው እናትየዋ ናት። ፊደል መለየት የጀመረችውም በእነሱ ነው። ትምህርት ልትመዘገብ ሄዳ «ስንት ቃል ማንበብ ይችላሉ?» ሲሏት «ሃያ ሁለት፣ ተቀያሪዎቹን ሳይጨምር» ብላ መምህሩን ግራ አጋብታዋለች።

ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት የሰጣት ዘበኛው ነው። «ለጎርፍ ስጫት» አላት። ፖስታው ላይ የትልቁ ጣቢያ ማኅተም ነበረበት። ልጇ ገና አልገባችምና ከውኃ ማፍያው አጠገብ አኖረችው። ስትመለስ እንፋሎቱ ማጣበቂያውን አላቆ ክዳኑ ተከፍቶ አገኘችው። መልሳ ማጣበቅ ትችል ነበር። አላጣበቀችም። የስኒው ማስቀመጫ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች አነበበች።

«የሊጉ ጨዋታዎች ብቸኛ ሴት» ይልና መስመሩ ያልቃል። ቀጣዩ መስመር በረጅም ቃል ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ሞከረችው፣ እንቢ አላት፣ ዘለለችው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር፦ «ሆነው ወደ ከተማችን መጥተው እንዲሠሩ ጋብዘንዎታል። መልስዎን እስከ ሐሙስ እንጠብቃለን።»

ብቸኛ ሴት ሆነው።

ይህን ስም ታውቀዋለች። ባሏ ከተቀበረ ማግስት ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ የሚያነሳት በዚሁ ነው። ብቸኛ ሴት ናት፣ ዕቃ አንሡላት። ብቸኛ ሴት ናት፣ ምን አቅም አላት። አሁን ደግሞ ልጇን ማኅተም መትተው፣ ቀን ቆርጠው ወደዚያው ይጠሯታል። ከአንዲት ቃል በቀር እስከ መጨረሻው ያነበበችው የመጀመሪያ ደብዳቤዋ ነበር። አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ የመብቱ ፉክክር ውጤት ተነገረ። የስፖርት ክፍሉ ሰዎች ሁሉ ቆመው ነበር፤ ወንበር ሞልቶ ሳለ የተቀመጠ የለም። አለቃው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «እሺ… እሺ… ገባኝ» ብቻ ይላል። ስልኩን ሲያስቀምጥ እጁ አብሮት ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ወሰዱት» አለ። «ለአምስት ዓመት። ብቸኛ መብት።»

«በቃ፣ ከእንግዲህ ኳሷን በፎቶ እናሳያለን» አለ ካሜራማኑ። ማንም አልሳቀለትም።

እሷ ትሪውን እንደያዘች ጠጋ አለችው። «ልጄ፣ ብቸኛ መብት ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?»

«ከእነሱ በቀር ማንም አያሳይም ማለት ነዋ፣ እትዬ። ሁለተኛ የለውም። አንድ ለእናቱ!»

እሷ ክንዷ ላይ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ አየች።

አለቃው ቀጠለ። «አልደብቃችሁም። ውጤቱ ሳይነገር ሰኞ ዕለት ለሚፈልጓቸው ሰዎች ደብዳቤ ልከዋል። የደረሳችሁ ሂዱ፣ አልቀየማችሁም። ይህ ክፍል ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል።»

«ለእኔ ደርሶኛል» አለ ካሜራማኑ አንገቱን ደፍቶ።

ዓይን ሁሉ ወደ ጎርፍ ዞረ። ጎርፍ ካርዶቿን እጇ ላይ ታገላብጥ ነበር። «ለእኔ…» አለች። «ለእኔ አልደረሰኝም። አልፈለጉኝም ማለት ነው።» ወጥታም ወደዚያች ጠባብ ክፍል ገባች።

እናትየዋ ትሪውን ካገኘችው ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለቻት። ልጇ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የጠፋውን ስክሪን ትመለከታለች። እናትየዋ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ካርዶቹ ላይ አኖረችላት።

«ሰኞ ነው የመጣው።»

«ማን ከፈተው?»

«እኔ።»

«ማን አነበበልሽ?»

«እኔው።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «እማዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ! የማልረባ ሆኜ ነው ብዬ…»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ብቸኛ ሴት ሆነው ይላል። እንደ እኔ እንዳትሆኚ ፈራሁ። ቀጥሎ ያለችው ቃል አቃተችኝና ዘለልኳት።»

ጎርፍ ደብዳቤውን አነበበች። «እስከ ሐሙስ ይላል፤ ነገ እኮ ነው!» አለች። ከዚያ አንዱን ካርድ ገልብጣ ባዶው ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፈችና ወደ እናቷ ገፋችው። «አንብቢያት።»

«አስ… ተ… ላ… ላ… ፊ።» ቆም ብላ ደገመችው። «አስተላላፊ። አንቺን ነዋ!»

«እኔን ነው። ጨዋታ የምታስተላልፍ ሴት እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው፣ እማዬ።» ሳቋ ሊመጣ አለና ተመለሰ። «አሁንም ተናድጄብሻለሁ።»

«ተናደጂ። ይገባሻል።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው የመብራት ገመድ እየጎተተ አለፈ።

«ብሄድ አንቺስ?» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «መንገዱ የአንድ ቀን ሙሉ ነው። እየተመላለስኩ አላይሽም። ተይው ካልሽኝ እተወዋለሁ።»

እናትየዋ የማዳመጫውን ገመድ ይዛ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች። ተይው የሚለው ቃል ቀላል ነበር፤ ከሁሉ ቀላሉ። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«ተይው ልልሽማ ብፈልግ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀረው ነበር» አለች። «ደውዪላቸው። አሁን፣ እዚሁ እያለሁ።»

ልጅቷ ስልኳን አነሣች። ቁጥሩን ከመምታቷ በፊት ግን «ሁለተኛ የእኔን ደብዳቤ እንዳትከፍቺ» አለቻት።

«ለእኔ ጻፊልኝ እንግዲህ። የራሴን እከፍታለሁ።»

እሑድ ጠዋት ጎርፍ በአውቶቡስ ሄደች። ካርዶቿን ይዛ ነበር፤ «አስተላላፊ» የተጻፈባትን አንዷን ግን ለእናቷ ተወችላት። ካሜራማኑም ከእሷ ጋር ሄደ። አለቃው ወሩ ሳያልቅ ለቀቀ። ክፍሉ ሲዘጋ ከእነዚያ ሰዎች ጣቢያው ውስጥ የቀሩት ዘበኛውና እናትየዋ ናቸው።