ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ዓይናለም ግንባሯን ከምንጣፉ አንስታ ቀና ስትል፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ከበሮው አሁንም አልለቀቃትም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ አይደለም፤ እሱማ እስከ ትንሣኤ ድረስ ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በጆሮዋ የሚመታው ሬድ ማሩም የሚባለው የሮክ ባንድ ከበሮ ነው። ቀሳውስቱ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ምእመኑ አብሮ ይወድቃል፣ አብሮ ይነሳል፤ መውደቁም መነሳቱም የራሱ ምት አለው። ያንን ምት ጠብቃ እየሰገደች መሆኗ ድንገት ታወቃትና አፈረች። የሚቀጥለውን ስግደት ሆን ብላ ዘግይታ ሰገደች፤ ይሄኔ ደግሞ ከፊቷ የነበሩት ሴትዮ ሲነሱ ተረከዛቸው ከግንባሯ ጋር ተላተመ።

ዕለቱ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። ኬንያውያን ግን ፋሲካቸውን ትናንት አክብረው ዛሬ ማግስቱን ብለው አርፈዋል። የናይሮቢ ሐበሻም ሱቁንና ምግብ ቤቱን ዘግቶ ስለመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። የዓይናለም ጣጣም የመጣው ከዚችው ዕረፍት ነው።

ከሁለት ወር በፊት ፓርክላንድስ ካለው የመጋረጃ ሱቋ ፊት ለፊት አንድ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየች። ሬድ ማሩም፣ በአገሩ ቀይ የመንገድ አፈር ስም የተጠራው የናይሮቢ ልጆች የሮክ ባንድ፣ «ኢስተር መንደይ» ላንጋታ መንገድ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ይጫወታል ይላል። ጊታር ተጫዋቹ ኑሮውን ለንደን ሊያደርግ ስለሆነ የባንዱ የመጨረሻ ዝግጅት ነው። ዓይናለም አንብባ ሳትጨርስ ልቧ ዘለለ። የፋሲካ ማግስት! ጾሙ ተፈትቶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ ፊቱ በርቶ በሚውልበት ቀን! እንዲህ ያለው መገጣጠም ከእግዜር ነው አለችና ለራሷና ለልጇ ቲኬት ቆረጠች። ይህች ሴት ናይሮቢ ከገባች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። «ሃፒ ኢስተር» ለሚሏት ደንበኞቿ ሁሉ፣ የእኛው ገና ነው፣ አቆጣጠራችን ይለያል እያለች በየዓመቱ ስታስረዳ የኖረች ናት። ለሰው የምታስተምረውን ለራሷ ሲሆን ረሳችው። ደስታ እንዲህ ያደርጋል።

ስህተቷን ያወቀችው ባለፈው ሐሙስ ነው። ጎረቤቷ ባለሱቅ «ነገ ስቅለት ነው፣ አልከፍትም» ሲላት መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ሳውዝ ሲ ሰፈር ካለው እቤቷ ደርሳ ሶፋው ላይ ዘፍ እንዳለች ለልጇ ለሐሴት ነገረቻት። ሐሴት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ አድጋለች።

«ማሚ! ኢስተር መንደይ እኮ የነሱ ኢስተር ነው! ሃኪ ያ ሙንጉ፣ ይሄ እንዴት ጠፋሽ?» ብላ በስዋሂሊ እየማለች በሳቅ ፈረሰች። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋን ዋጠች። «ፖሌ፣ ማሚ፤ አይዞሽ» አለች ቀስ ብላ።

የዓይናለም የሮክ ፍቅር ራሱ በስህተት የተጀመረ ነው። አዲስ አበባ ሳለች፣ የእህቷ ሠርግ ሲደርስ፣ ባዶ ካሴት ይዛ ፒያሳ አንድ ሙዚቃ ቤት የሠርግ ዘፈን ልታስቀዳ ሄደች። ቀጂው ሥራ በዝቶበት ኖሮ በአንደኛው ገጽ የእሷን፣ በሌላኛው የሌላ ሰው ትእዛዝ ገለበጠላት። እቤት ወስዳ ስታዞረው ጊታር ጮኸ። መጀመሪያ ቴፑ የተበላሸ መስሏት ነካካችው። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰማው ቆማ ቀረች። ካሴቱን ሳትመልስ ቀረች፤ ሠርጉም ያለ ዘፈን እንዳይሆን ሌላ አስቀዳች። ከዚያ ወዲህ ስትሰፋም፣ ልጅ ስታስተኛም፣ ሬዲዮ ስታስስም ከዚያ ድምፅ ተለይታ አታውቅም። የሚጫወቱትን ሰዎች ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። ያኔ በአገር ቤት የሮክ ዝግጅት አልነበረም፤ በኋላ ልጅ መጣች፤ ከዚያ ስደቱ፣ ከዚያ ሱቅ። አርባ ዓመት የሞላት ሴት እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ሰው ከፊቷ ቆሞ ጊታር ሲመታ አልሰማችም። ዛሬ ካልሰማቻቸው ደግሞ ሬድ ማሩም የሚባል ነገር አይኖርም።

ጠዋት በር ላይ ሌላም ነገር ገጥሟት ነበር። ከኪሊማኒ ሰፈር የመጣች አንዲት ወዳጇ ናፍቆቱ አሸንፏት ጉንጯን ዘርግታ ስትመጣ፣ አቶ ጓንጉል በመሃላቸው ክንዳቸውን እንደ አጥር ዘረጉ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው? ይሁዳ የሳመበት ሳምንት አይደለም እንዴ! ስድስት ቀን መታገሥ ያቅታል?»

አቶ ጓንጉል የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ናቸው። ጄኔሬተር ያከራያሉ፤ መብራት ሲጠፋ ቅዳሴው በእሳቸው ማሽን ነው የሚቀጥለው። በሌላ ጊዜ ዓይናለምን ሲያገኟት «የኔ ልጅ!» ብለው ጮክ ብለው ሰላም የሚሉ፣ ትከሻዋ እስኪላቀቅ የሚጨብጡ ሰው ናቸው። ሕማማት ሲገባ ግን ጨርሶ ሌላ ሰው ይሆናሉ። እጅ የጨበጠ፣ ጥርሱን ያሳየ፣ ስልኩን ያልዘጋ ሁሉ ከእሳቸው ቁጣ አያመልጥም። ዓይናለም ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የምትፈራቸው እሳቸውን ነው። አንዳንዴ ቅደም ተከተሉ ይምታታባታል።

ተሲያት ላይ ምንባቡ ጋብ ሲል ቄስ ዘርይሁንን ተጠግታ ጎንበስ አለች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር።»

«ልጄ፣ የንስሐ ነገር ከሆነ ይቆይ። በዚህ ሳምንት እግዚአብሔር ይፍታሽ አንልም፤ መስቀልም አናሳልምም። ከትንሣኤ በኋላ ነይ።»

«ንስሐ እንኳ አይደለም፣ አባ። ጥያቄ ነው።»

«ጥያቄውም ከትንሣኤ በኋላ» አሉና በፈገግታ ሳይሆን በድካም አዩዋት። ከንጋት ጀምሮ ቆመዋል። ዓይናለም ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እምቢ ቢሏት ቁርጧን አውቃ ታርፍ ነበር፤ እሺ ቢሏትም እንደዚሁ። አሁን ግን የሚፈታትም የሚያስራትም ሰው የለም። ነገሩ በእሷ ላይ ብቻ ወደቀ። ቀና ስትል አቶ ጓንጉል ጥቁር ጋቢያቸውን ሰብስበው በጎን በር ሲወጡ አየች። ሥራ ይሆናል አለች በልቧ፤ የዕረፍት ቀን የእሳቸው ገበያ ነው።

ሰርክ ደርሶ ሰው ሲበተን ሐሴት ከግቢው ውጭ ታክሲ አቁማ ትጠብቃት ነበር። ጥቁር ቲሸርት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር የዓይን ኩል። እናትየውም ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባለች። ሁለቱም ያንን አስተዋሉ፤ ሐሴት ከንፈሯን ነከሰች።

«ልሰናበትሽ ብዬ ነው» አለች። «ያንቺን ቲኬት ለክፍሌ ልጅ እሰጣታለሁ። ሳዋ? እሺ አይደል?»

ዓይናለም የታክሲውን በር ያዘች። በዚያች ሰዓት የምትፈልገውን በደንብ ታውቀው ነበር፤ እንደዚህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር ከብዙ ዓመት ወዲህ አልነበረም።

«አልበላም፤ አልጠጣም» አለች። «እጅ አልጨብጥም። አልስቅም፤ አልጨፍርም።»

«ታዲያ ለምንድነው የምትሄጂው?»

«ልሰማ» አለችና ገብታ ተቀመጠች። ታክሲው ከተነሳ በኋላ «የሆነውን ሁሉ ከትንሣኤ በኋላ እናገረዋለሁ» ብላ ጨመረች። ሐሴት ምን እንደሆነ አልገባትም።

ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ቀይ ጭቃ ሆኗል። ወጣቱ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይሄዳል። አብዛኛው ጥቁር ነው የለበሰው። ዓይናለም በቀሚሷና በሻርፗ እንደ ጉድ ትታያለች ብላ ሰግታ ነበር፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። እንዲያውም አንዲት ልጅ «አይ ላቭ ዩር ሉክ፣ ማማ!» ብላ እጇን ለሰላምታ ዘረጋችላት። ዓይናለም መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ዝቅ አደረገች። ልጅቷም ደስ ብሏት እንደሷው አደረገች። ሐሴት ሳምቡሳ ገዝታ መጣችና ወዲያው ትዝ ሲላት ከጀርባዋ ደበቀችው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሬድ ማሩም መድረኩ ላይ ወጡ። አራት ቀጫጭን ልጆች ናቸው። ከበሮ መቺው ያስነጥሰው ነበር፤ ጊታር ተጫዋቹ ደግሞ ሱሪው እየወረደበት በየጊዜው ይስባል። ዓይናለም በዚህ ተገረመች። በካሴት ውስጥ ማንም አያስነጥስም።

ከዚያ ጀመሩ።

ድምፁ በጆሮዋ አልገባም፤ በእግሯ ነው የገባው። ከጭቃው ተነስቶ በስግደት በቆሰለ ጉልበቷ በኩል አልፎ ደረቷ ውስጥ ቆመ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰማው የኖረችው የዚህ ነገር ጥላ ኖሯል። ጊታሩ ሲጮህ አየሩ ራሱ ፊቷን ይገፋታል፤ ልጁ አንድ ቦታ ስቶ ጥርሱን ሲነክስ አየችው፤ ያ ስህተቱ እንኳ ጣፈጣት፤ ዛሬ፣ እዚህ፣ እሷ ቆማ ሳለች የተሠራ ነበርና። እንባዋ መጣ። ደስ አላት፤ በሕማማት ደስ አላት፤ ይህንንም አውቃ ደስ አላት። አልዘለለችም፤ እጇን አላነሳችም። ቃሏን ጠብቃ እንደ ምሰሶ ቆመች። ሐሴት ከጎኗ እየዘለለች በየመሃሉ ቀና ብላ ታያታለች።

ከሬዲዮ የምታውቀው፣ ሁሉም የሚጠብቀው ዘፈን መሃል ላይ ሲደርሱ ድንገት ሁሉም ነገር ድርግም አለ። መብራቱ ጠፋ፤ ጊታሩ እንደ ትንኝ ቀጠነ፤ የዘፋኙ አፍ ያለ ድምፅ ተከፍቶ ቀረ። ከበሮው ግን ኤሌክትሪክ አይፈልግም። መቺው አንገቱን ደፍቶ ቀጠለ። ሕዝቡ ምቱን በጭብጨባ ተቀበለው፤ ሜዳው በሙሉ በዚያ ምት ብቻ ቆመ። ዓይናለም ጠዋት ምንጣፉ ላይ ሆና የሰማችው ይሄንኑ ነበር፤ አሁን ግን አላፈረችም።

ከመድረኩ ጎን፣ ከገመድ አጥር ወዲያ፣ አንድ ሰው ባትሪ በጥርሱ ነክሶ ጄኔሬተር ላይ ተደፍቷል። ጥቁር ጋቢ ወገቡ ላይ አስሯል። አንዴ ሳበ፣ ሁለቴ ሳበ፤ ማሽኑ አጓራ። መብራቱ ቦግ ሲል ሰውየው ቀና አሉ፤ አቶ ጓንጉል ነበሩ።

ዓይናለም ደርቃ ቀረች። መሸሽ አሰበች፤ ከኋላዋ ያለው ሕዝብ ግን መላወሻ አልነበረውም። ሻርፗን ወደ ግንባሯ ሳበች። አቶ ጓንጉል እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ማሽናቸው ይመለሳሉ ብላ ጠበቀች። አልተመለሱም። ፊታቸውን ወደ መድረኩ አዙረው ቆሙ። ሽማግሌው ፊታቸው እንደ ስቅለት ኮስተር ብሏል፤ ጭቃ የለወሰው የቀኝ ጫማቸው ግን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። ምቱን አንድም አልሳቱም።

ምን እንደነገራቸው እንጃ፣ ዘወር አሉና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

እግራቸው ቆመ። እንደ ልማዳቸው «የኔ ልጅ!» ሊሉ ይመስል ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተነሳ። መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ጢማቸውን ዳሰሰና ወረደ። ዓይናለምም አንገቷ ለሰላምታ ሊሰበር ሲል ያዘችው። ልቧ ደረቷን ይደልቃል፤ ከበሮውና እሱ አልለይ አሏት።

ሐሴትም አየቻቸው። «ማሚ፣ አቶ ጓንጉል አይደሉም እንዴ?» አለች ጆሮዋ ሥር እየጮኸች። «ሰላም አትያቸውም?»

«በሕማማት ሰላምታ የለም» አለች ዓይናለም።

አቶ ጓንጉል ፊታቸውን ወደ መድረኩ መለሱ። ከዚያ፣ ዓይናቸውን ከጊታር ተጫዋቹ ሳይነቅሉ፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ በእጃቸው የገመዱን አጥር ከፍ አድርገው ያዙ። ከእሳቸው አጠገብ፣ ከመድረኩ እግር ሥር፣ የሁለት ሰው ቦታ ክፍት ነበር። ገመዱን ይዘው ቆዩ። ማንንም አላዩም።

ዓይናለም የልጇን እጅ ያዘች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጎነበስ በዋለ ወገቧ አንዴ እንደገና ጎንበስ አለችና በገመዱ ሥር አለፈች።