በመውሊዱ የጠፋችው ልጅ

ኒሃል እንደ ተማረከ ወታደር ሁለት እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። ልብስ ሰፊዋ ኢንሽራህ ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ አዙራ ጠበቅ አደረገችው።

«ሆድሽን አትሳቢ። ለልኬት ቀን የማይከሳ ሙሽራ የለም፤ ኋላ ቀሚሱ አልዘጋ ሲል ጥፋቱ የእኔ ይሆናል።»

«እትዬ ኢንሽራህ፣ እኔ ሙሽራ አይደለሁም።»

«ጠዋት የመጣችውም እንዲሁ ብላኝ ነበር። እናቷ ጎትታ መለሰቻት።»

«ከዩኒቨርሲቲው ነኝ። የትዝታው ጥናት።»

ኢንሽራህ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አወጣችና ፊቷ በራ። «አንቺ ነሽ እንዴ! ያለ መነጽርሽ ማን ይለይሻል?»

ኒሃል እጆቿን አወረደች። ከጀልባ ሠሪዎቹ ሰፈር ጀምሮ በባሕር ዳርቻው በአንፉሺ ጠባብ መንገዶች ስትመጣ የምትናገረውን ስታጠና ነበር። ጥናቱ ለተሳታፊዎች የልጅነት ታሪካቸውን ይነግራቸዋል፤ ከዘመድ የተሰበሰቡ እውነቶች፣ በመሃል ግን አንድ ፈጠራ። ሰው ፈጽሞ ያልደረሰበትን ነገር ያስታውስ እንደሆነ ለማየት ነው። በመጨረሻው ቀጠሮ ፈጠራው የቱ እንደሆነ ይነገራል፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቀደውም በዚሁ ቃል ነበር። ኢንሽራህ በዚያ ቀን ሳትመጣ ቀረች።

ለእሷ የተፈጠረላት ታሪክ ይህ ነበር፦ በአምስት ዓመቷ በመውሊድ ግርግር ጠፋች፤ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ከስኳር የተሠራ አሻንጉሊት አስይዛ ቤቷ መለሰቻት። ወንድሟ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ እንዳልነበረ አረጋግጧል።

«እትዬ፣ ያ የመውሊዱ ታሪክ…»

«እሱን ልነግርሽ ነበር! አገኘኋት።»

«ማንን?»

«ሴትዮዋን ነዋ!» ኢንሽራህ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መስጊዱ በር ላይ ጠየቅኩ፣ ጠየቅኩ። አንዲት አሮጊት፣ ‹አዎ፣ እንዲህ ያለች ልጅ መልሻለሁ› አለችኝ። ደረጃ ሥር ነበር የምታድረው። ታዲያ ልተዋት?»

ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ የሰው ሳል ተሰማ።

ኒሃል ወደ በሩ አየች። ዝም ብላ ብትወጣስ? ማንም አይጎዳም፤ እንዲያውም አንዲት አሮጊት ጣሪያ አግኝታለች። ግን እዚህ ቤት ውስጥ የሚበላውና የሚተኛው የእሷ ውሸት ነው።

«እርስዎ አልጠፉም» አለች። «ታሪኩን የፈጠርነው እኛ ነን። ወንድምዎም ያውቃሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኢንሽራህ ሜትሩን በጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች፤ ሲያልቅ ፈታችው፤ እንደገና ጠቀለለችው።

«እናቴስ? በሩ ላይ ቆማ ስታለቅስ?»

«እሱም።»

«እናቴ ለእኔ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው» አለች ኢንሽራህ።

«ልጅቷስ ለእናቷ አላለቀሰችም» አለ ከመጋረጃው ጀርባ የሻከረ ድምፅ። «የአሻንጉሊቷ እጅ ተሰብሮባት ነው።»

ኒሃል ወደ መጋረጃው ዞረች። የተሰበረው እጅ በጥናቱ ውስጥ የለም። ጥናቱን ለሚመራው ፕሮፌሰር የመውሊዱን ታሪክ «ከጭንቅላቴ ያመነጨሁት ነው» ስትል ዋሽታለች፤ ታሪኩ የራሷ ነበር። በአምስት ዓመቷ እዚያው መውሊድ ላይ ጠፍታለች፤ የሴትዮዋ መልክ ጠፍቶባት ሻሹ ብቻ ቀርቷል። አጥኚ የራሱን ሕይወት በሌላ ሰው ላይ አይሰፋም፤ ይህን እያወቀች ሰፋችው። የተሰበረውን እጅ ነገር ግን ለማንም አልተነፈሰችም።

መጋረጃው ተገለጠ። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች አሮጊት ብቅ አለች። ሞራ የለበሱ ዓይኖቿ ኢንሽራህን አልፈው ኒሃል ላይ አረፉ።

ኒሃል እንደ ልማዷ ወጥመድ አዘጋጀች። «ቀኝ እጇ ነበር አይደል፣ ሐጃ?»

«ግራዋ» አለች አሮጊቷ። «ስብራቱን እየላስሽ ነው ቤትሽ የገባሽው።»

ከውጭ የጀልባ ሠሪዎቹ መዶሻ ይሰማል። ኢንሽራህ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየች፤ ከዚያ ስፒሎቿን መርፌ መሰኪያው ላይ ሰክታ ወደ ማድቤቱ ዞረች።

«ማናችን እንደጠፋን ስትስማሙ ጥሩኝ» አለች። «እስከዚያ እሳት ላይ የጣድኩት ዓሣ እንዳያርርብኝ ልየው።»