የእማዬ ልክ

ስፌት ቤታችን የምሳ ሕግ አለው፤ አስቂኝ ቪዲዮ አመጣሁ ብሎ ያላሳቀ ሰሃን ያጥባል። አጣቢዋ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ስልኬ ከሕፃንና ከድመት በቀር የሚያመጣልኝ የለም።

የዚያን ቀን ጨርቅ ቆራጯ ምሳዋን ሳትከፍት በሳቅ ፍርስ አለች። «ኑ ጉድ እዩ! ከአሻንጉሊት ጋር የምታወራ ሴትዮ!»

ስልኳን ከበብነው። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ልብስ የሚለካበት አሻንጉሊት ፊት ቆማ፣ የለበሰውን ቀሚስ እያስተካከለች ታወራለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የሰው እብደት ሲያዩት የራስ ጤና ይጣፍጣል። ከዚያ መጋረጃውን አየሁት። የኔ መጋረጃ ነው።

የቤቴ አሻንጉሊት ወገቡ በብሎን ይሰፋል፣ ይጠባል። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በእሷ ልክ አድርጌ፣ ቀሚሷን አልብሼ አቆምኩት። ከሥራ ስገባ ውሎዬን እነግራታለሁ። ይህን ታናሽ እህቴ ብቻ ታውቃለች፤ የነገርኳትም አብረን እያለቀስን ነው።

ሳቁ ጋብ ሲል ድምፄ ጥርት ብሎ ተሰማ። «እማዬ፣ ስለ ትንሿ አታስቢ። አደራሽን አልበላሁም፤ እኔ እያለሁ ማንም አይስቅባትም።»

ከካሜራው ኋላ ሳቅ አመለጠ፤ መጨረሻው ላይ ስቅ የሚል። እህቴ ስትስቅም ስታለቅስም ስቅታ ይይዛታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሮጬ ውሃ የማጠጣት እኔ ነኝ።

ቆራጯ ስልኳን ደፋችው። ሰሃኑን ያለወትሮዋ ራሷ አጠበች።

ቤት ስገባ እህቴ አልጋዬ ላይ ጋደም ብላ ስልኳን ትነካካለች።

«ምን አደረግሁሽ?» አልኳት።

«ውይ እትዬ! ፊትሽ እኮ አይታይም። ደግሞ ሰው ወዶሻል፣ እስቲ የጻፉትን አንብቢው።»

«አጥፊው።»

«ባጠፋውስ? ሁሉም ተቀባብሎታል።»

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ሲባል የሰው ቤት ወሬ ይመስለኝ ነበር። ማንም ቢስቅብኝ እችለው ነበር። እሷ ግን ያን አደራ ስናገር በጆሮዋ እየሰማች ነው የሳቀችው። ከዳችኝ።

ቀሚሱን ከአሻንጉሊቱ ላይ አውልቄ አጠፍኩት። ከዚያ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመርኩ። የእማዬ ወገብ እየሳሳ ሄደ።

«እትዬ ተዪ! እባክሽ ልኳን አታጥፊብኝ!» አለች። ማልቀስ ጀመረች፤ ወዲያው ስቅታው ያዛት።

ውሃው አጠገቤ ነበር። ብሎኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ።